በረዶ ብርድ ሲይዘው

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ጋቢ ደርባችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። እንኳን ደረባችሁ። ወጋችንን ከመጀመራችን በፊት ግን አንዲት ነገር ልጠይቃችሁ፤ የደረባችሁት ጋቢ ሙቀት አለው ወይስ የለውም? አትቸኩሉ። እኔ ለዚችው ጥያቄ ቸኩዬ መልስ ሰጥቼ የደረሰብኝን ስትሰሙ፣ ጋቢያችሁን አጣፍታችሁ ዝም ማለትን ትመርጣላችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን አካባቢ ተነሥቼ የሳይንስ መምህር ሆኜ ወደ ወለጋ ስላክ፣ እናቴ ራሷ የፈተለችውን ጋቢ አሸክማኝ፣ "ሙቀቱ አይለይህ" ብላ መርቃኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ማለት ሰው ከነጋቢው የሚወለድበት አገር ነው። የእናቴን ምርቃት "አሜን" ብዬ ተቀበልኩ እንጂ ትርጉሙን አላሰብኩበትም። በዚያን ጊዜ ማሠልጠኛ ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ በዓለም ላይ የሰማው የመጀመሪያው ሰው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ስለ ሙቀት የማስተምርበት ሳምንት ደረሰና ያንኑ የእናቴን ጋቢ በክንዴ አንጠልጥዬ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼም ዐወጅኩ፤ "ጋቢ ሙቀት የለውም!"

ተማሪዎቹ ሁሉ ባንዴ ተንጫጩ። "ስንለብሰው ይሞቀናል እኮ!"

"የሚያሞቃችሁ የገዛ ገላችሁ ነው። ጋቢው ሙቀታችሁ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ከራሱ የሚሰጣችሁ ቅንጣት የለም።"

ለማስረጃ የትምህርት ቤቱን ቴርሞሜትር በጋቢው ጠቅልዬ አሳደርኩት። ቴርሞሜትሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ርእሰ መምህሩ ከማኅተሙ ጋር ነበር ቆልፎ የሚያስቀምጠው፤ ለማስፈቀድ እንኳ ምን ያህል ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። በማግስቱ ሲገለጥ ከጋቢው ውጭ እንደነበረው ሆኖ ተገኘ፤ ምንም አልጨመረም። "አያችሁ!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣና፣ "መምህር፣ እሱ እኮ ነፍስ የለውም። ድንጋይ ጋቢ ቢያለብሱት መቼ ይሞቀዋል?" አለኝ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ልጁ የተናገረው የኔኑ ትምህርት ነው፤ በራሱ አፍ ብቻ ነው የተናገረው። እኔ ግን የተቃወመኝ መስሎኝ ቁጭ በል አልኩት። ርእሰ መምህሩም ያው ነበር። የብረት አልጋና የእንጨት አልጋ ባንድ ክፍል ውስጥ ካደሩ ሙቀታቸው እኩል ነው ስለው፣ ብረቱን ነካ አድርጎ እጁን ሰበሰበና፣ "ማንን ልጠርጥር? አንተን ወይስ እጄን?" አለኝ። ሰው ከእጁ ጋር አብሮ ነው ያደገው፤ ከኔ ጋር ግን ገና ዓመቱ ነው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የኔ ጉድ ግን መስከረምን አልጠበቀም። ተማሪዎቼ ለየእናቶቻቸው፣ "ጋቢ አያሞቅም ተባልን" አሉ። ወሬው ገበያ ሲደርስ፣ "መምህሩ ጋቢ መልበስ ከለከለ" ሆነ፤ ሸማኔዎቹም ሰላምታ ነሡኝ። ወደ ጉቶ ጊዳ ገጠር ሲወርድ ደግሞ፣ "መንግሥት ጋቢ ሊሰበስብ ነው፤ ከሸዋ የመጣው መምህር ሊመዘግብ የተላከ ነው" ተባለና፣ ቡሉኮውን ጎተራ ውስጥ የደበቀም አለ ብለው ነገሩኝ። ከዚያ ወሬው መንገዱን ይዞ ኡኬ ገባ። ሌላ ቦታ ቢገባ ግድ አልነበረኝም። ኡኬ ግን የአስቴር አባት ያሉበት ነው።

አስቴር እኛው ትምህርት ቤት ታናናሾቹን የምታስተምር መምህርት ነበረች። ስትስቅ ድምፅ አታሰማም፤ የሚስቁት ትከሻዎቿ ናቸው። እኔ ገና የትከሻዎቿን ሳቅ ያየሁ ዕለት ነው የተሸነፍኩት። እሷም እኔን አልጠላችኝም። አባቷ ኦቦ ገለታ ግን የኡኬ የከብት ባለጸጋና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ያለሳቸው ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ጨምሬ ሽማግሌዎች ላክሁባቸው።

እኔ የፈራሁት ስለ ሃይማኖትና ስለ ዘር እንዳይጠይቁ ነበር። እሳቸው ወንጌላዊ፣ እኔ በማዕተብ ያደግኩ፤ እሳቸው የወለጋ ሰው፣ እኔ ከየት እንደመጣሁ የማልታወቅ። ለዚህ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ሽማግሌዎቼን አስጠንቼ ነበር። ሲመለሱ ርእሰ መምህሩ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

"ስለ ሃይማኖትህ ምንም አላሉም" አለኝ። "‘እግዜር አንድ ነው፣ ልጆቹ ይነጋገሩበታል’ ብለው አለፉት። የጠየቁት ስለ ጋቢ ነው።"

"ስለ ምን?"

"‘በርሲሳው ጋቢ አያሞቅም ይላል አሉ። የጋቢን ሙቀት የማያውቅ ሰው፣ ክረምት ሲገባ ልጄን ምን ያለብሳታል?’ አሉን። ምን እንበል? ወተታችንን ጠጥተን ተነሣን።"

በርሲሳ ማለት በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ስድብ አይደለም። ነገር ግን ኦቦ ገለታ ወጣቱን ሁሉ "ኢልማ ኮ" እንደሚሉ፣ ማለትም "ልጄ" እንደሚሉ፣ ርእሰ መምህሩ ነገረኝ። በቅሎ የያዘላቸውን አሽከር ሳይቀር "ኢልማ ኮ" ብለውታል። "በርሲሳው" የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ላይ፣ "በሚመጣው ገበያ ቀን ራሱ መጥቶ ይመልስልኝ፤ ልጄን የሚጠይቅ ሌላም ሰው አለ" ብለው መልእክት ሰደዋል።

ለአስቴር ሄጄ አጫወትኳት።

"አባቴ የጠየቀህ ስለ ጋቢ አይደለም" አለችኝ።

"ታዲያ ስለ ምን ነው?"

"ሂድና ‘ያሞቃል’ በለው። በቃ።"

"ሳይንስን ልካድ?"

ትከሻዎቿ መሳቅ ጀመሩ። "ሳይንስ አይቀየምህም። አባቴ ግን ይቀየምሃል።"

አልሰማኋትም። ብሰማት ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ እናንተም ወደ ሥራችሁ፣ እኔም ወደ ሠርጌ። የኔ ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው ሆነና፣ አንዴ የተናገርኩትን ካላስመሰከርኩ ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሳስብ ሰነበትኩና ዘዴው መጣልኝ። በረዶ!

ነገሩ ቀላል ነው። ጋቢ ከራሱ ሙቀት ካለው በረዶ ሲጠቀለልበት ቶሎ ያቀልጠዋል። ከልካይ ብቻ ከሆነ ግን የውጭውን ሙቀት ከልክሎ በረዶውን ያቆየዋል። ስለዚህ ሁለት እኩል በረዶ ይዤ፣ አንዱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ አንዱን ራቁቱን አድርጌ ከነቀምቴ ኡኬ እወርዳለሁ። ኡኬ ቆላ ነው፤ ወሩ ደግሞ ግንቦት ነው። እዚያ ስንደርስ ራቁቱ ውሃ ሆኖ፣ ጋቢ የለበሰው እንዳለ ይገኛል። ኦቦ ገለታም በዓይናቸው አይተው ያምናሉ።

በረዶ የነበረው አቶ ሸምሱ ዘንድ ነው። አቶ ሸምሱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሲሆን፣ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረው። ከታች ትንሽ እሳት ይነድዳል፣ ከላይ በረዶ ይሠራል። ሎሚናት ልጠጣ ብሎ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ተንበርክኮ እሳቱን አይቶ፣ ከዚያ ቆሞ በረዶውን አይቶ፣ ራሱን እየነቀነቀ ነበር የሚጠጣው። አቶ ሸምሱን፣ "ይህ ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?" ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር።

"መምህር፣ እኔ ላምባ አጠጣዋለሁ፣ እሱ በረዶ ይሰጠኛል። ምክንያቱን ብጠይቀው ቢቀየምስ?" አለኝ።

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እኔም አለማወቄን አስታወስኩና መልሼ ዘጋሁት።

በሁለት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውሃ ሞልቶ አረጋልኝ። ሁለት ጡብ የሚያካክሉ በረዶዎች ወጡ። በጋቢ ልጠቀልለው ስል ግን አቶ ሸምሱ እጄን ያዘኝ። "በጋቢ? ወይ አላህ! ልትገድለው ነው ያሠራኸኝ?" እያለ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረውም።

ኦቦ ገለታ ሐሳቡን በላክሁባቸው ሰው ሰምተው ተስማምተዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምረዋል። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ወርቄ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ ነቀምቴ መጥተው ስለነበር፣ "ራቁቱን በረዶ እሷ ትያዘው፤ እኅቴ አትዋሽም" አሉ። አስቴር "አዳዳ" ትላቸዋለች፤ የአባት እኅት ማለት ነው። ጠዋት ጨው ጭኖ ወደ ኡኬ በሚወርደው መኪና አጠገብ ስንገናኝ በረዶውን በብረት ጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ፈጥነው አነሡት።

"ያቃጥላል! ደግሞ ይጨሳል!" አሉ። "ጨቢ፣ የዝናቡ በረዶ፣ ከሰማይ ሲወርድ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተልቆ ግን አይቼ አላውቅም። ራቁቱን ነው የምይዘው?"

"ራቁቱን ነው እማማ። ምንም እንዳይነካው።"

"ምስኪን" አሉ ቀስ ብለው።

ለኔ ያዘኑልኝ መስሎኝ አመሰገንኳቸው።

ወይዘሮ ወርቄ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ጋቢ የለበሰውን በረዶ እንደ ሕፃን አቅፌ ከላይ ጨው ከረጢት ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የኡኬዋ ቅቤ ነጋዴ ወይዘሮ ዲንቂቱ ነበሩ፤ ቅቤያቸውን ነቀምቴ ሸጠው ባዶ ቅላቸውን ይዘው መመለሳቸው ነው።

"አከም ጅርታ በርሲሳ! ያቀፍከው ልጅ ነው?"

"በረዶ ነው።"

"በጋቢ ጠቅልለህ?"

መኪናው ከከተማው ሳይወጣ ትምህርቴን ጀመርኩላቸው። ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ጋቢ እንዴት እንደሚከለክል፣ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ወይዘሮ ዲንቂቱ እስኪያልቅ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

"በርሲሳ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቅቤ ነጋዴ ነኝ" አሉኝ በመጨረሻ። "ቅቤ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል። ቅቤውን በጋቢ የጠቀለለ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን ይመስልሃል?"

"ጋቢው በቅቤ እንዳይበላሽ ነዋ!"

"እንዳይቀልጥ ነው!" አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ።

መንገዱ ቁልቁል እየወረደ ፀሐይዋም እየጠነከረች ሄደች። ከረጢቶቹ መጋል ጀመሩ። አንድ ትንሽ ድልድይ ስንደርስ አንዲት ጠብታ ውሃ ከጋቢው ሾልካ ጉልበቴ ላይ አረፈች። አንዲት ጠብታ ናት። በረዶ የትም ቢቀመጥ ትንሽ መቅለጡ እንደማይቀር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ወይዘሮ ዲንቂቱ ግን አዩዋት።

"አላበው!" ብለው ጮኹ። "በረዶው አልቦታል! አንተ ሰውዬ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ጋቢ ታለብሰዋለህ? ግለጠው!"

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሰውን ጭንቅላት እንደማየው ልንገራችሁ። ትምህርት ቤት የምንማረው ዕውቀት ቤታችን ሲገባ የሚቀመጠው ሳሎን ነው። የድሮው እምነታችን ደግሞ ለቆ አይወጣም፤ ጓዳ ገብቶ ወጥ ይሠራል። እንግዳ ሲመጣ የሚናገረው ሳሎኑ ነው። ሰው ሲርበውና ሲጨንቀው ግን የሚሮጠው ወደ ጓዳ ነው። ምድር እንደምትዞር ለሌላው የሚያስተምር ሰው ሲመሽበት፣ "ፀሐይ ሳትገባ ቤቴ ልግባ" ይላል እንጂ፣ "ምድር ሳትዞር" አይልም።

እኔም ያን ጊዜ ጨነቀኝ። ሳሎኔ፣ "አትግለጠው፣ ጋቢው ከልካይ ነው" ይላል። ጓዳዬ፣ "እናትህ ሙቀቱ አይለይህ ያለችህ ጋቢ አይደለም? ደብረ ብርሃን ላይ ከውርጭ ያወጣህ እሱ አይደለም? አሁን በረዶው ቀልጦ አስቴርን ልታጣ ነው!" ይላል። ሁለተኛዋ ጠብታ ስትወርድ ሳሎኑ ዝም አለ።

ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነፋስ ይንካው ብዬ ገለጥኩት። ደግሞ ነፋስ ያቀዘቅዝ የለ? ሁለት እጄን አንሥቼ በረዶውን ለነፋሱ ሰጠሁት። ወይዘሮ ዲንቂቱም፣ "እንዲያ ነው እንጂ!" ብለው በቅላቸው ክዳን ያራግቡለት ጀመር። እኔ ደግሞ ፀሐይዋ አናቴን ስትበላኝ፣ ሙቀት የለውም ያልኩትን ጋቢ ተከናንቤ ላብ በላብ ሆንኩ። ውሃው በክርኔ በኩል እየወረደ ጋቢውንም እኔንም አራሰን። ጡብ ያክል የነበረው በረዶ ሳሙና አከለ። ደንግጬ እጄን የበለጠ ከፍ አደረግኩ። ነፋሱ አልበቃው ብሎ ይሆናል ብዬ ነው።

የኡኬ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲታዩ፣ የቀረችውን በእርጥቡ ጋቢ መልሼ ጠቀለልኳት።

ኦቦ ገለታ ግቢያቸው በር ላይ ቡሉኮ ደርበው ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ቡሉኮ መልበሳቸው ለኔ የተላከ መልእክት መሰለኝ። ገበያው ሁሉ ተከትሎን ገባ። አስቴር ለቅዳሜና እሑድ ቤተሰቧ ዘንድ መጥታ ስለነበር በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አምጣ እንይ" አሉ ኦቦ ገለታ።

ጋቢውን አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋሁት። መሐሉ ላይ የዶሮ እንቁላል የምታክል በረዶ ተንከባለለች። ቀጥሎ ወይዘሮ ወርቄ ሳህናቸውን አስቀመጡ። በረዶው ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ቁጭ ብሏል።

ሕዝቡ ሳቀ። የኔዋ መቅለጧ ገብቶኛል፤ ራቁቱን የመጣው እንዴት ሊተርፍ ቻለ? እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያች ቅጽበት የተጠራጠርኩት የመማሪያ መጽሐፉን ነው። ሰው ሲዋረድ ራሱን ከመጠርጠር ይልቅ ተፈጥሮን መጠርጠር ይቀለዋል።

"እንግዲህ አየን" አሉ ኦቦ ገለታ። አልሳቁም። ድምፃቸው ውስጥ ቅር የማለት ነገር ነበረበት። "ጋቢ የለበሰው ቀለጠ። ያልለበሰው ቀረ። በርሲሳ፣ ሌላ የምትለው አለህ?"

አስቴርን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ጉዳዬ ያለቀለት መሰለኝ።

ይሄኔ ወይዘሮ ዲንቂቱ ሰዉን ገፍተው ወደ ፊት ወጡ። "እሷስ ብትሆን የተረፈችው በኔ ነው!" አሉ በኩራት። "ከድልድዩ ጀምሮ ባላስገልጠውና በነፋስ ይዞ ባይመጣ ኖሮ ጠብታም አታገኙም ነበር!"

ኦቦ ገለታ ወደኔ ዞሩ። "ገልጠኸው ነው የመጣኸው?"

"ገልጬው ነው።"

"ለምን?"

"ጋቢው እንዳያቀልጠው ፈራሁ።"

የዚያን ቀን ዓይነት ሳቅ ኡኬ እስከ ዛሬ የሰማች አይመስለኝም። አግዳሚውን ይዞ የሳቀ አለ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ አለ። አስቴር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዎቿ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ እንባዋን ጠራርጋ ወረደችና የአክስቷን ትከሻ ዳሰሰች።

"አዳዳ፣ ፎጣዎ ለምን ረጠበ? ጋቢዎም እርጥብ ነው።"

ወይዘሮ ወርቄ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ዋቃዮ ያየኛል፣ አልዋሽም" አሉ። "ብርድ ይዞት ነበር።"

"ማንን?"

"በረዶውን! ይጨሳል፤ መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር ሳህኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ራቁቱን! እንዴት ዝም ብዬ ልየው? ፎጣዬን አለበስኩት። አልበቃውም፤ ጋቢዬንም ደረብኩለት። ትንሽ ይሙቀው ብዬ ነው። ኡኬ ስንገባ በርሲሳው እንዳይቆጣ ገፈፍኩት።"

ኦቦ ገለታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ የኔን እንቁላል ያዩ ጀመር።

"ቆዩ" አሉ። "እኅቴ ያለበሰችው ቀረ። እሱ የገለጠው ቀለጠ። እሷ ይሙቀው ብላ አለበሰችው፤ አልሞቀውም። እሱ እንዳይሞቀው ብሎ ገለጠው፤ ሞቀው።"

ኦቦ ገለታ ግቢው ጥግ ወዳለው የከብት በረት ዞረው አዩ።

"በረት ላም አይወልድም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። "ከውስጥ ያለውን ላም ግን አያስወጣም። ከውጭ ያለውንም ጅብ አያስገባም። ጋቢም እንዲህ ነው ማለት ነው?"

ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። ዓመት ሙሉ በጠመኔ ያላስረዳሁትን ነገር እሳቸው ባንድ በረት ጨረሱት። "እንዲህ ነው አባቴ! ልክ እንዲህ ነው!"

"ይህን ለሽማግሌዎችህ ነግረህ ብትልካቸው ኖሮ በረዶ ምን ያደርግልን ነበር?"

"እኔ አላምንም" አሉ ወይዘሮ ዲንቂቱ። "ቅቤዬንም በጋቢ አልጠቀልልም።" እስካሁንም በኮባ ነው የሚጠቀልሉት።

የወይዘሮ ወርቄ በረዶ ተሰባብሮ ለሰዉ ታደለ። ትልልቆቹ ሽማግሌዎች አፋቸው ውስጥ ከተው፣ "ያቃጥላል! ያቃጥላል!" እያሉ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ ማንም ግን አልተፋም። በዚህ መሐል የግንቦት ዝናብ ሳያስጠነቅቅ መጣና ሰዉ ተበታተነ። እኔ በረንዳው ሥር ተጠለልኩ። ሸሚዜ ርሷል፣ የእናቴ ጋቢ ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል፣ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ከብርዱ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር። የጋቢው ነገር ተፈታ፤ ስለ አስቴር አንዲት ቃል አልተነሣችም። ኦቦ ገለታም እስካሁን የሚጠሩኝ "በርሲሳ" ብለው ነው።

አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ቡሉኮውን ከላያቸው አወለቁና ትከሻዬ ላይ ጣሉት። በሸሚዝ ብቻ ቀሩ።

"ሞቀህ?"

"ሞቀኝ።"

"እንግዲያው ንገረኝ በርሲሳ። የማን ሙቀት ነው?"

"የራሴ ነው" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዓመት ሙሉ ሳስተምር የከረምኩት ይህንኑ ነው። ግን እኔ ገላዬ ቀዝቅዞ የሚከለከል ሙቀት እንኳ የለኝም። ቡሉኮው ደግሞ ከኦቦ ገለታ ትከሻ የወረደው አሁን ነው፤ ገና የሳቸው ገላ አልለቀቀውም። በሳይንስ ብሄድ፣ በሳሎኑ ብሄድ፣ በጓዳው ብሄድ መልሱ አንድ ሆነብኝ። አስቴር በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። "አባቴ የጠየቀህ ስለ ጋቢ አይደለም" ያለችኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"የእርስዎ ነው" አልኩ።

"አዎ፣ የኔ ነው" አሉ። "ልጄን ምን ያለብሳታል ብዬ የላክሁብህ ይህንኑ ነበር። ብርድ ሲመጣ ከላይህ አውልቀህ ታለብሳታለህ ወይ ነው ያልኩህ።"

"አለብሳታለሁ።"

የዝናቡን ማባራት አዩና ወደ ነቀምቴ ወደሚመለሰው መኪና አመለከቱኝ። ቡሉኮውን ላወልቅ እጄን ሳነሣ ግን ያዙኝ።

"ለብሰኸው ሂድ፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ። "ሽማግሌዎችህ ሲመጡ ይመልሱልኛል።"